መሀል አዲስ አበባ ያለፈባት መዓት፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ሸማ ተራ

መሀል አዲስ አበባ ስል ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ወደ ታች በአራት ኪሎና በፍል ውሃ አድርጎ እስከ መስቀል አደባባይ፣ በዛኛው በኩል ደግሞ እስከ መርካቶ ያለውን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው። ይቺ ከተማ ከተፈጥሮ ጋር ያን ያህል ጠብ የላትም፣ የጎዳት ነገር ቢቆጠር አብዛኛው በሽታ፣ እሳትና ሰው ነው።

ከመሬቱ ልጀምር። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ወደውት በ1879 ከተማ የተቆረቆረበት ፍል ውሃ የሚፈላው እኮ መሬቱ ስለተሰነጠቀ ነው፣ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ የፍል ውሃ ስንጥቅ የሚባለውም በመሀል ከተማ ያልፋል። ስለዚህ ደብረ ዘይትና አዳማ አካባቢ ሲነቃነቅ እኛም እንነቃነቃለን። በነሐሴ 1898 ከደቡብ በኩል ከስምጥ ሸለቆው የተነሳው ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧት ነበር። በ1953 ደግሞ ካራቆሬ ሲናወጥና ማጀቴ ስትፈርስ እዚህም ተሰምቷል። እድሜ ለዩኒቨርሲቲያችን፣ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው በ1950 አካባቢ ስለተቋቋመ ከዛ ወዲህ ያለው በደንብ ተመዝግቧል፣ የመሰረቱት የኢየሱሳውያን ካህኑ ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አንድ በአንድ ለቅመው ጽፈውልናል። በ2017 የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ሁላችንም ያየነው ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ማታ እኛ ፎቅ ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ዥዋዥዌ ሲጫወት መጀመሪያ ያዞረኝ መስሎኝ ነበር፣ ደረጃው ላይ ስወጣ ጎረቤቱ በሙሉ ጋቢውን ደርቦ ወደ ግቢ እየወረደ ነው፣ አንዷ እናት ድስቷን ይዛ ነበር የወረደችው። ታኅሣሥ 26 ላይ መጠኑ ወደ 5.8 የሚጠጋው መንቀጥቀጥ መጣ፣ እሱም ጉዳቱ እዛው አፋርና ከሰም በኩል ነበር እንጂ እዚህ ድንጋጤ ብቻ ነው ያተረፍነው።

ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ከ1880 ጀምሮ ከብቱንም ሰውንም ሲፈጅ ከተማዋ ገና በድንኳን ነበረች። ቀጥሎ የማገዶ ችግር መጣ፣ ዙሪያው ያለው ጫካ ተጨፍጭፎ አለቀና ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር፣ ባህር ዛፍ ባይደርስልን ኖሮ ዛሬ አራዳ የሚባል ልጅም አይኖርም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ፣ የኅዳር በሽታ። 1911፣ ኅዳር። በዚያው ወር መጀመሪያ ፈረንጆቹ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት አበቃ ብለው ሲፈራረሙ እኛ ጋ ደግሞ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነበር። ዓለም የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ነው፣ የኛ ሰው የንፋስ በሽታም ይለዋል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ትኩሳትና ሳል ይዞት፣ ነስር እየነሰረው በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል፣ ደግሞ ሽማግሌና ህፃኑን ትቶ ጎረምሳውን መውሰዱ ነው የባሰው። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ከነሱም የሞተ አለ። ቀባሪ ጠፋ፣ ሁለት ሦስት ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ይከተት ነበር፣ ጉድጓዱም ጥልቀት ስለሌለው ማታ ማታ ጅብ ያወጣዋል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለትንሽ ነው የተረፉት። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው አለቀ ይባላል፣ ያኔ ከተማዋ ከመቶ ሺህ በታች ነዋሪ የነበራት መሆኑን አስቡትና ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ያን ጊዜ ቆሻሻ ሰብስባችሁ አቃጥሉ የተባለው ነው እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ላይ ኅዳር ሲታጠን የምንለው። ቀኑ ሚካኤል ነው። የኛ ሰፈር በንጋቱ ያረጀ ሰሌን፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ ቅጠላ ቅጠሉ በር ላይ ተከምሮ ይለኮሳል፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ቆማችሁ ወደ ላይ ብታዩ ጊዮርጊስ አይታይም፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ እስከ ማግስቱ ጭስ ጭስ ይላል። አሁን ጎማና ፕላስቲክ አታቃጥሉ እየተባለ ነው፣ ልክም ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ሲወጡ ከተማዋ ለሦስት ቀን ባለቤት አጣች፣ የአራዳ ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፣ ፈረንጁ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ገብቶ ተጠለለ። 27 ላይ ጣልያን ገባ። ልክ በ5 ዓመቱ በዚያው ቀን ንጉሡ ተመለሱ፣ ለዛ ነው የድል ቀን የምናከብረው።

የካቲት 12 ቀን 1929 አርብ ነበር። የጣልያኑ ገዢ ግራዚያኒ የሳቮያው ልዑል ልጅ ተወለደ ብሎ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድሃ ሳንቲም ሊሰጥ ሕዝቡን ሰበሰበ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፣ ግራዚያኒ ቆሰለ። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ያለውን ሕዝብ በመትረየስ ፈጁት። ከዛ የፋሺስት ፓርቲው ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ተከታዮቹን ለቀቃቸው፣ ለሦስት ቀን እንደፈለጋችሁ ተባለ። ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ በአካፋ፣ በጩቤ፣ በዱላ ሰው እያሳደደ ገደለ፣ ጎጆው ላይ ቤንዚን እያርከፈከፈ ሰው ውስጡ እያለ አቃጠለ፣ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ሳይቀር እሳት ተለቆበታል። የኢትዮጵያ መንግስት ያለው 30,000 ነው። ጣልያኖቹ ያኔ ጥቂት መቶ ብለው ነበር፣ እሱን ትተን እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል ለዓመታት ቆፍሮ ወደ 19,000 አድርሶታል። እኔ 30 ሺውን ነው የምይዘው፣ ቤት ውስጥ የተቃጠለን ማን ይቆጥራል? የስድስት ኪሎው ሐውልት ለነሱ ነው፣ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሰሩት።

ያ ገነተ ልዑል የሚባል ቤት ግን ጉድ ነው። በታኅሣሥ 1953 መንግሥቱ ንዋይና ግርማሜ መፈንቅለ መንግስቱ ሲከሽፍባቸው ሚኒስትሮቹንና መኳንንቱን፣ እነ ራስ አበበ አረጋይን፣ እዛው አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ረሸኗቸው። ብዙም ሳይቆይ ጃንሆይ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፣ ዛሬ ተማሪ ሙዚየም ልጎብኝ ብሎ ነው የሚገባበት።

ቀይ ሽብር በ1969 እና 70 ያጠፋው ትውልድ መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ በ2002 የተከፈተ ሙዚየም አለው፣ ፎቶዎቹን ማየት ይበቃል። ግንቦት 27 ቀን 1983፣ ኢህአዴግ ከገባ በሳምንቱ፣ ንፋስ ስልክ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ የመሀል ከተማው መስታወት ሳይቀር ረገፈ፣ ጋዜጠኛው መሐመድ አሚን እጁን ያጣው እዛ ነው። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ በተወረወረ ቦምብ 2 ሰው ሞቷል።

የቀረው እሳት ነው። ጥር 3 ቀን 2007 እሁድ ጣይቱ ሆቴል ተቃጠለ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል፣ እዛው የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዝ አምባም አብሮ ሄደ። ሆቴሉ ተጠግኖ ቆሟል፣ የጣይቱን ስም የያዘ ነገር በቀላሉ አይወድቅም። መርካቶ ግን ሌላ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት ሌሊቱን ሙሉ ነደደ፣ ሱቁ ቆርቆሮና ኮምፔርሳቶ፣ ቆጡ እስከ ጣራ ጨርቅ፣ መንገዱ ደግሞ ቦቴ የማያስገባ። ነጋዴው እሳቱ አጠገብ ሆኖ ጥቅልሉን በትከሻው እያወጣ ነበር፣ አንዱ ያወጣውን ሌላው ይጠብቅለታል፣ ሌባም አልጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚባለው ኮንታክት ነው፣ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው እየተቀጠለ የሄደበትን ገመድ ላየ ሰው አይገርመውም። የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

ቆሼ፣ የቆሻሻ ክምሩ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው የቀበረው ከመሀል ከተማ ስለሚርቅ እዚህ አላስገባሁትም። ክረምት ላይ ግን ቀበናና ግንፍሌ ሲሞሉ ወንዝ ዳር የተጠጋጋው ቤት ውስጥ ውሃ ይገባል፣ እዛ ያደገ ልጅ ሐምሌ ሌሊት ዝናብ ሲበረታ ፍራሹን አጥፎ ጠረጴዛ ላይ መጫን ያውቃል።