ከግንቡ ላይ ያዳመጠው

ወገኖች፣ በአገልግሎት የደከማችሁ ካላችሁ ስለ ሄንሪ ማርቲን ልንገራችሁ። እንግሊዛዊ የአንግሊካን ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1801 በካምብሪጅ የሂሳብ ፈተና አንደኛ ሲወጣ ገና 20 ዓመት አልሞላውም። የተመኘው ክብር እጁ ሲገባ ግን ጥላ የጨበጠ ያህል ተሰማው።

ወደ ሕንድ ያሻገረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ቄስ የቀጠረው ወታደሮቹንና ሹማምንቱን እንዲያገለግሉለት ነበር፤ ለአገሬው መስበክ ሕዝቡን አስቆጥቶ ንግዱን እንዳያውክበት ይሰጋ ነበር። ማርቲን የማንን ደመወዝ እንደሚበላ አልጠፋውም። በጉዞው ላይ፣ በጥር 1806 እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ያለችውን ኬፕን ከሆላንዶች ሲወስዱ፣ ቁስለኞች በወደቁበት ሜዳ ተመላለሰ። አገሩ በጦር ሳይሆን የወንጌል አገልጋዮችን በመላክ ትልቅ እንድትሆን ጸለየ። ይህን የጸለየው በድሉ ሰሞን መሆኑ ልቤን ይነካዋል።

በኋላ በሕንድ ካንፑር ከተማ ተመደበ። እሑድ እሑድ ምጽዋት የሚሹ የኔ ቢጤዎች በመቶዎች ሆነው ግቢውን ይሞሉታል፤ ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ ለምጻሙ። ደረቱን እያመመው ከቤቱ ፊት ቆሞ በአገሬው ቋንቋ በሂንዱስታኒ ይሰብክላቸዋል። አንዳንዴ ከኋላ ጉርምርምታ ይነሣል፤ እርግማኑና ጩኸቱ እያየለ መጥቶ ድምፁን ይውጠዋል። ያኔ ዝም ይላል። ሲረጋጉ፣ ሳይቆጣ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከግቢው አጥር ላይ ባለች ሰገነት ሙስሊም ወጣቶች ጋያ እያጨሱ ይዝናኑ ነበር። አንድ ቀን ለመሳለቅ ወርደው ሰሙት። ከመካከላቸው ሼክ ሷሊህ የሚባለው ግን ነገሩ አልለቀው አለ። የፋርስኛ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ ይዞ ወደ ማርቲን ቤት ተጠጋ፤ እንዲጠረዝ የተሰጠውን የኡርዱ አዲስ ኪዳን፣ የማርቲንን የራሱን ትርጉም፣ አነበበው።

ጳውሎስ «እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ ነገር ግን እግዚአብሔር ያሳድግ ነበር» ይላል (1ኛ ቆሮ. 3፥6)። እኛ ፊት ለፊታችን የተቀመጡትን ቆጥረን እንዝናለን። እሑድ ጠዋት ሦስት ልጆች ብቻ የምታስተምሪ እህቴ፣ እስር ቤት ገብተህ ማንም ቀና ብሎ የማያይህ ወንድሜ፣ ከወዲያ ማን እንደሚሰማ አታውቁም። ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ሷሊህ በ1811 በበዓለ ሃምሳ ካልካታ ላይ ተጠምቆ አብዱል መሲሕ ተባለ። ማርቲን ያኔ ወደ ፋርስ ሄዷል፤ በቀጣዩ ዓመት በ31 ዓመቱ ቱርክ ውስጥ ቶካት ላይ አረፈ። አብዱል መሲሕ ግን በሕንድ አግራ ከተማ ወንጌልን ሰበከ፣ ድኾችን በመድኃኒት ረዳ፤ በ1825 ጳጳሱ ሬጅናልድ ሂበር የአንግሊካን አገልጋይ አድርገው ሾሙት።