የሳይንስ ታሪክ ለልጆች፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ሲጀመር

የሳይንስ ታሪክ ለልጆች ሲጻፍ ቶሎ የሚበላሸው ስምና ዓመተ ምሕረት ሲታጨቅበት ነው። ልጁ ጥያቄው ሳይገባው መልሱን ይሸመድዳል። የድሬዳዋና የሐረር ልጅ ግን ጥያቄዎቹን ከሰፈሩ ሳይርቅ ያገኛቸዋል።

ከሁሉ የሚመቸው ጥላ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኤራቶስቴነስ የተባለ ሊቅ፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ በዛሬዋ አስዋን ፀሐይ አናት ላይ እንደምትቆም ያውቅ ነበር። በእስክንድርያ ግን በዚያው ሰዓት ጥላ አለ። የጥላው ማዕዘን (የፀሐይ ጨረር ከቆመ እንጨት ጋር የሚሠራው) የክብ 50ኛ እጅ ስለሆነ፣ የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ ገመተ። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ አናት ላይ ትደርሳለች፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ጥላ አይኖረውም። በዚያው ዕለት መቀሌ ያለ ልጅ 1 ሜትር እንጨት ቢተክል፣ በእኩለ ቀን 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይለካል። የዚህ ጥላ ማዕዘን የክብ 92ኛ እጅ ገደማ ነው። የሁለቱ ከተሞች የሰሜንና ደቡብ ርቀት 430 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ92 ሲባዛ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ምድርን በእንጨትና በሜትር የለካ ልጅ ኤራቶስቴነስን የሚረሳው አይመስለኝም።

ድሬዳዋ ራሷ የፊዚክስ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ፣ መሥመሩ ተራራውን ትቶ ቆላውን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰበት ሜዳ ከተማ ሆነ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት በመኪና የወጣ ልጅ ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል።

የሐረርጌ ገበሬ የሚያማርረው፣ የማሽላን ሥር የሚጠባው አቀንጭራ የተባለ አረም ደግሞ እንደ ምርመራ ታሪክ ይተረካል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይህን ምልክት እምብዛም የማይሰጡ የማሽላ ዝርያዎችን አዳቀሉ፤ አረሙ ማሽላው አጠገቡ መኖሩን ሳያውቅ ተኝቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ለልጅ ሲነገር ሽልማቱ መጨረሻ ይምጣ፤ መጀመሪያ አረሙ እንዴት እንደሚነቃ ይገምት።

ለትንንሾቹ ከድሬዳዋ አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ይበቃል። ተመራማሪዎች ከዚያ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ቀይ የቀለም ድንጋይና መፍጫ ድንጋዮች አግኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ወደ 40,000 ዓመት ይገመታል። ልጆቹ ቀይ ሸክላ ፈጭተው በውኃና በዘይት ለየብቻ ቢለውሱ፣ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚቆይ ራሳቸው ይፈትኑታል።