የኮንዶሚኒየም ዕጣ፦ ኮምፒውተሩን ማን ያምነዋል?

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። በእነዚህ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ብዙ ሰው ቤት ያገኘው በዕጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበው "ነባር"፣ በ2005 የመጣው ደግሞ "አዲስ" ይባላል። ተመዝጋቢው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይቆጥባል። ከዚያ ዕድሉን የሚያወጣለት ኮምፒውተር ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ከራሱ የሚያመነጨው ነገር የለም። ማን ብቁ ቆጣቢ እንደሆነ፣ ለሴቶች፣ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለአካል ጉዳተኞች ስንት በመቶ እንደሚያዝ የሚወስነው ሰው ነው። ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ስም ይበውዛል፤ በቃ።

ይህ በግልጽ የታየው በሐምሌ 2014 ነው። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው። የደረሳቸው እልል አሉ፣ ጎረቤት "እንኳን ደስ አላችሁ" አለ። በቀናት ውስጥ ከተማ አስተዳደሩ ዕጣውን ሰረዘው። መቆጠብ የሚገባቸውን ያልቆጠቡ ሰዎች መረጃ ሥርዓቱ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። በሥራው ላይ የነበሩ ኃላፊና ባለሙያዎች ታሰሩ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው። በመጀመሪያው ደርሷቸው በሁለተኛው ያጡትን ሰዎች ማሰቡ ራሱ ይከብዳል።

እንዲህ ያለውን ዕጣ አስተማማኝ ማድረግ ያን ያህል የሚያዳግት አይደለም። የብቁዎች ዝርዝር ከዕጣው ቀን በፊት ይለጠፋል። የሶፍትዌሩ ኮድ ይታሸጋል፣ ቅጂውም ለገለልተኛ ወገን ይሰጣል። ሶፍትዌሩ ስሞቹን መበወዝ የሚጀምርበት መነሻ ቁጥር እዚያው ሕዝብ ፊት በእጅ ይወጣል። ያኔ ዝርዝሩ፣ ኮዱና ቁጥሩ ያለው ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ዕጣውን ደግሞ ማውጣት ይችላል። ውጤቱ ካልገጠመ አንድ ነገር ተነካክቷል ማለት ነው። በመድረክ ላይ የሚበራ ስክሪን፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ይህን አይተካም።

ኮዬ ፈጬ ላይ የተነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። በየካቲት 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣባቸው፣ በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተነሳ። ሰልፈኛው ስለ ሶፍትዌሩ አልጠየቀም። የጠየቀው መሬቱ የማን ነው፣ የተነሱት አርሶ አደሮችስ ምን አገኙ ብሎ ነው። የክልሉ መንግሥትም በወሰኑ ውስጥ ያሉት ቤቶች እንዳይተላለፉ ተቃወመ። ዕጣ የወጣላቸው ቆጣቢዎች ቁልፍ ሳይረከቡ ቆዩ፤ የወሰኑን ጉዳይ እንዲያይ ኮሚቴ ተቋቋመ።