ጋቢ ፓሂኑዊና የሐዋይ ስላክ ኪ ጊታር

ጋቢ ፓሂኑዊ በቤተሰብ ጓዳ ተደብቆ የኖረውን ስላክ ኪ የተባለ የጊታር አጨዋወት ለሕዝብ ጆሮ ያበቃ የሐዋይ ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1921 በሆኖሉሉ፣ ካካአኮ በተባለው የድሆች ሰፈር ተወለደ። ሃናይ በሚባለው የአገሩ የማደጎ ልማድ መሠረት በፓሂኑዊ ቤተሰብ ያደገ ሲሆን፣ ጋዜጣ እየሸጠና ሊስትሮ እየሠራ ቤተሰቡን ለመደገፍ ትምህርቱን ገና በአንደኛ ደረጃ አቋርጧል።

በሐዋይኛ ኪ ሆአሉ የሚባለው ይህ አጨዋወት የጊታሩን ክሮች ከተለመደው ቅኝት በማላላት፣ በግራ እጅ ሳይያዙ ሲመቱም የተሟላ ኅብረ ድምፅ እንዲሰጡ የሚያደርግ ነው። ታሮ ፓች በተባለው በጣም የታወቀ ቅኝት አንደኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ክር እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ሳያቋርጥ ሲመታ፣ የቀሩት ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ይጫወታሉ። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን እንደሚቃኝ ሁሉ፣ የሐዋይ ተጫዋችም እንደ ዘፈኑ ቅኝቱን ይለውጣል፤ ብዙ ቤተሰቦችም የየራሳቸውን ቅኝት ለውጭ ሰው አያሳዩም ነበር። ጊታር ወደ ደሴቶቹ የገባው በ1830ዎቹ፣ ንጉሥ ካሜሃሜሃ 3ኛ የዱር ከብቶችን እንዲገሩ ከካሊፎርኒያ ባስመጧቸው የሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች እጅ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል፤ በመርከብ የመጡ ሌሎች እንግዶችም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም።

ጋቢ ስላክ ኪን የተማረው ከኸርማን ኬያዌ ሲሆን፣ ከሁሉ የላቀው ተጫዋች ኬያዌ እንደሆነ ጋቢ ይመሰክርለት ነበር። ጋቢ ኖታ ማንበብ ባይችልም ስቲል ጊታርን (በክሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን ጊታር) ጨምሮ ብዙ መሣሪያ ይጫወት ነበር። በ1946 (አንዳንዶች 1947 ይላሉ) ለአሎሃ ሬከርድስ «ሂኢላዌ»ን በሸክላ አስቀረጸ። ዘፈኑ በዋይፒኦ ሸለቆ ባለው ፏፏቴ የተሰየመ ሲሆን፣ ሸክላው በተለምዶ የመጀመሪያው የስላክ ኪ ቅጂ ይባላል። በዘፈኑ መካከል ድምፁን በድንገት ወደ ላይ ሰብሮ የሚያወጣበት መንገድ እስከ ዛሬ ብዙዎች የሚሞክሩትና ጥቂቶች የሚሳካላቸው ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት በዋይኪኪ የምሽት ቤቶች ሲጫወት፣ ቀን ቀን በሆኖሉሉ የመንገድ ሠራተኛ ነበር።

በ1960 ከዩኩሌሌ (ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር) ተጫዋቹ ከኤዲ ካማይ፣ ከባስ ተጫዋቹ ከጆ ማርሻልና ከስቲል ጊታር ተጫዋቹ ከዴቪድ ሮጀርስ ጋር «ሰንስ ኦፍ ሐዋይ» የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ሐዋይ የአሜሪካ ግዛት ከሆነች ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ ለቱሪስት የሚቀርበው ሙዚቃ በተንሰራፋበት በዚያ ጊዜ ቡድኑ የቆዩ የሐዋይኛ ዘፈኖችን መልሶ ክብር ሰጣቸው። ጋቢና ባለቤቱ ኤሚሊ አሥር ልጆች ባሳደጉበት የዋይማናሎ ቤት ቅዳሜና እሑድ የሚደረገው ጨዋታ ለብዙ ወጣት ሙዚቀኞች እውነተኛው ትምህርት ቤት ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። በ1972 ፓኒኒ ሬከርድስ ያወጣው «ጋቢ» የተሰኘው አልበም፣ በተከታዮቹም ዓመታት ከልጆቹ፣ ከስላክ ኪ ተጫዋቾቹ ከአታ አይዛክስና ከሶኒ ቺሊንግዎርዝ፣ እንዲሁም ከአሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ከራይ ኩደር ጋር የሠራቸው የጋቢ ፓሂኑዊ የሐዋይ ባንድ ቅጂዎች የሐዋይ ህዳሴ በሚባለው የ1970ዎቹ የባህል መነቃቃት ውስጥ ልዩ ቦታ አላቸው። ኩደር ታዋቂነቱን ከሐዋይ ውጭ ማስፋቱ አይካድም፤ ጋቢን «አገኘው» የሚሉት ግን አገሬው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያደምጠው እንደነበር ይዘነጋሉ።

ጋቢ በኦክቶበር 13 ቀን 1980፣ በ59 ዓመቱ አረፈ። ልጆቹ ሲረል፣ ብላና ማርቲን ሙዚቀኞች ሆኑ፤ ሲረል በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ የባህል ቅርስ ሽልማት ተቀብሎ በ2018 አርፏል። በ2011 የወጣው «ዘ ዲሰንዳንትስ» ፊልም የጋቢን ቅጂዎች ለአዲስ ትውልድ አሰማ። ግራሚ በ2005 ለሐዋይ ሙዚቃ የራሱን ዘርፍ ሲከፍት የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው ያለ ዘፈን በጊታር ብቻ ለተሠሩ የስላክ ኪ ቅንብሮች ስብስብ ነበር፤ በሐዋይኛ የሚዘፍኑት ችላ ተባሉ የሚል ቅሬታም ተነሣ። ጋቢ ራሱ ጊታሩንና ዘፈኑን ለያይቶ ስላልያዘ፣ ቅሬታው ተገቢ ይመስላል።