ፎልት ምንድን ነው? ምድር ውዝፏን የምትከፍልበት ስንጥቅ

በ2017 ዓ.ም. በጋ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል ምድር በየቀኑ ስትንቀጠቀጥ፣ ባሕር ዳርም «ወደ እኛስ ይመጣ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይሰማ ነበር። ጥያቄው በቅጡ መመለስ ያለበት ነው። ለመመለስ ግን መንቀጥቀጥ ቤት እንዳለው ማወቅ ይቀድማል። ቤቱ ፎልት ይባላል።

ፎልት በዓለት ውስጥ ያለ ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቅ ሁሉ ግን ፎልት አይደለም። የፎገራ ዋልካ በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ፎልት አይባልም። ፎልት ለመባል በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው ዓለት ተንሸራቶ ቦታ የለወጠ መሆን አለበት።

እንዴት እንደሚንሸራተት ለመረዳት ጣና ዳር እንሂድ። ውሃ ጠጥቶ የከበደ የደንገል ታንኳ ሊደርቅ ወደ ዳር ይጎተታል እንበል፤ መጎተቻውም ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ይሁን። ጎታቹ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይራመዳል። ታንኳው ጭቃው ይዞት ንቅንቅ አይልም። ጎማው እየተለጠጠ፣ እየተወጠረ ይሄዳል። ድንገት ታንኳው ክንድ ያህል ሸርተት ይልና መልሶ ይቆማል። ሰውየው ግን አንድም ጊዜ አላረፈም። የእሱ መንገድ እርምጃ በእርምጃ ነው፣ የታንኳው በዝላይ፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱም የሄዱት ርቀት እኩል ነው።

ጎታቹ ፕሌት የሚባለው ግዙፍ የምድር ቅርፊት ነው፣ ጭቃው የፎልቱ ፍትጊያ፣ ጎማው ደግሞ ዓለቱ ራሱ። ዓለት ይለጠጣል ሲባል ለማመን ይከብዳል። በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1906 ከደረሰው መንቀጥቀጥ በኋላ ግን ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ የተባለ ሳይንቲስት ከአደጋው በፊትና በኋላ የተደረጉ የመሬት ልኬቶችን አስተያየ። ከፎልቱ ራቅ ያለው መሬት ከአደጋው አስቀድሞ ለዓመታት ሲንቀሳቀስ ኖሯል፤ ፎልቱ ዳር ያለው ግን ተይዞ ቆይቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እስከ 6 ሜትር ተወርውሮ ደረሰበት። በዝምታው ዘመን የተከማቸውን ይህን ያልተከፈለ ጉዞ ውዝፍ ብንለው ይሻላል።

ሂሳቡን እንሥራው። የኢትዮጵያ ዋና ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ይህንንም ብዙ ፎልቶች ይካፈሉታል። ለአንዱ 1 ሚሊ ሜትር ቢደርሰው በ1,000 ዓመት 1 ሜትር ውዝፍ ይይዛል። መጠኑ 7 የሆነ መንቀጥቀጥ ፎልትን ከ1 እስከ 2 ሜትር ሊያንሸራትት ይችላል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ከከፈለ በኋላ ሠላሳ፣ አርባ ትውልድ ምንም ሳይሰማ ሊያልፍ ነው። ባለ 2 ሜትሩ ዝላይ 500 ጊዜ ሲደጋገም 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የፈጀው ጊዜም አንድ ሚሊዮን ዓመት ነው። ከወሎና ከሸዋ ደጋ ወደ አፋር የሚወርደው ገደል እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ካበጃቸው መልኮች አንዱ ነው።

ክፍያው ቀን አይጠብቅም። አንዳንድ ፎልት ውዝፍ ሳይዝ በዝግታ ይንሸራተታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለረጅም ዘመን ዝም ብሎ ተከታትሎ ይመታል። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ይደርሳል» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

ያለፈውን ግን መሬቱ መዝግቦታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን አንድሪያስ ፎልትን የሚያቋርጥ አንድ ጅረት አለ፤ ፎልቱ እየቆረጠ በ3,700 ዓመት ገደማ ውስጥ አካሄዱን 130 ሜትር ያህል ወደ ጎን ወስዶታል። ሲካፈል በዓመት 35 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያው ፎልት የተገመሰ የ23 ሚሊዮን ዓመት የእሳተ ገሞራ ዓለት ደግሞ ግማሹ ከግማሹ 300 ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቋል።

በእኛም አገር በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ከዚህ ዓይነት ክፍያ አንዱ ነበር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ከተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ የሆነው ደግሞ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፦ ቅልጥ ዓለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። የብዙ መቶ ዓመታት ውዝፍ በሳምንታት ተከፈለ። የፈንታሌውንም የገፋው እንዲሁ ቅልጥ ዓለት ነው።

ታዲያ ወደ እኛ ይመጣል? እያንዳንዱ ፎልት የሚከፍለው የራሱን ውዝፍ ነው፤ የፈንታሌው ተጉዞ ባሕር ዳር አይደርስም። ከተማችን ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ ጉተታውም እዚህ በጣም ደካማ ነው። ይሁን እንጂ ጣና ራሱ የተኛው በጎንደር፣ በደብረ ታቦርና በደንገል በር በኩል የሚመጡ ሦስት ስምጦች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑ አያሳስት፤ ፎልቶቹ ያወረዱትን መሬት ደለልና ላቫ ሞልተውት ነው። በዓባይ መውጫ በኩል ደግሞ የፈሰሰ ላቫ ውሃውን ገደበው፤ ባሕር ዳር የተቆረቆረችው በዚያ ዳርቻ ነው።