የሮልፕሌይ ኤክስፒ ምንድን ነው? ደመወዝ እንዳልሆነ እንግባባ

«ጥሩ ሮልፕሌይ ለሚያደርግ ተጫዋች ጥሩ ኤክስፒ ይገባዋል።» ስለ ኔቨርዊንተር ናይትስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ፈጥረው በኢንተርኔት አብረው ስለሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም) ሰርቨሮች ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ስንቱን ሰርቨር ያበላሸው ግን ይኸው ሐሳብ ነው።

ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ፦ ኤክስፒ የልምድ ነጥብ ነው፤ ሲጠራቀም ገጸ ባሕርዩን ወደ ቀጣዩ ሌቭል፣ ማለትም የብርታት ደረጃ፣ ያሳድገዋል። ዲኤም ጨዋታውን የሚመራው ሰው ነው፤ ፓርቲ ደግሞ አብረው የሚጓዙ ተጫዋቾች ቡድን። የሮልፕሌይ ኤክስፒ ማለት ተጫዋቹ ምንም ጭራቅ ሳይገድል፣ ገጸ ባሕርዩን ሆኖ ከሌሎች ጋር በማሳለፉ ብቻ ሰርቨሩ በየተወሰነ ደቂቃ የሚጥልለት ነጥብ ነው። እዚህ ላይ የሚከራከር የለም። ጭቅጭቁ ያለው ነጥቡ ለምን ይሰጣል የሚለው ላይ ነው።

የሚሰጠው የጎደለውን ለመሙላት ነው። ጌሙ በ2002 ሲወጣ ጀምሮ ሞተሩ ያለ ስክሪፕት (የሰርቨሩ ባለቤት ከሚጽፈው ኮድ ውጭ) በራሱ ኤክስፒ የሚያድለው ለገደለ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ መጠጥ ቤት ተቀምጦ የከተማውን ሹም ለማሳመን ሲከራከር ያመሸ ሰው፣ በዚያው ሰዓት ዋሻ ወርዶ ጎብሊን ሲጨፈጭፍ ከነበረው ጎረቤቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ማውራቱ ዋጋ አስከፍሎታል ማለት ነው። የሮልፕሌይ ኤክስፒ ያንን ወጪ በከፊል ይመልስለታል።

ስለዚህ የሚመስለው የውሎ አበልን ነው። መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ለስልጠና አዳማ ሲልከው አበል ይከፍለዋል፤ ለአልጋና ለምግብ። ስልጠናውን በጉብዝና ስለተከታተለ የሚሰጠው ሽልማት አይደለም፤ ከፊት ተቀምጦ ጥያቄ ያበዛውም ከኋላ ሆኖ ዝም ብሎ ያዳመጠውም እኩል ይወስዳሉ። አበሉ ከደመወዙ ሲበልጥ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፦ ጠዋት ፈርሞ የሚጠፋ፣ ለቀረ ጓደኛው የሚፈርምለት፣ የሦስት ቀኑን ስልጠና አምስት ቀን የሚያደርግ አዘጋጅ። ሰርቨር ላይ ሦስቱም አሉ። ፈርሞ የሚጠፋው ገጸ ባሕርዩን እሳት ዳር አስቀምጦ ራቱን ሊበላ የሄደው ነው። ለጓደኛው የሚፈርመው በሁለት ኮምፒውተር ሁለት ገጸ ባሕርይ አስገብቶ እርስ በርሳቸው የሚያስወራው ነው። ስልጠና የሚያስረዝመው ደግሞ ያለቀ ንግግርን ቀጣዩ ነጥብ እስኪወድቅ ድረስ በ«ፈገግ አለ» እና በ«ጽዋውን አነሳ» የሚጎትተው ነው። ይህኛውን በስክሪፕት መያዝ አይቻልም፤ ከእውነተኛው ሮልፕሌይ ጋር መልኩ አንድ ነውና። መድኃኒቱ አበሉን ትንሽ ማድረግ ብቻ ነው።

ትንሽ ስንል ምን ያህል? ጌሙ በሚከተለው በዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ) 3ኛ እትም ሕግ፣ ቀጣዩን ሌቭል ለማግኘት የሚያስፈልገው ኤክስፒ አሁን ያላችሁበት ሌቭል በ1,000 ሲባዛ ነው። ከ1 ወደ 2 ለማለፍ 1,000፣ ከ19 ወደ 20 ለማለፍ 19,000። በድምር ሌቭል 10 በ45,000፣ ሌቭል 20 በ190,000፣ ጣሪያው ሌቭል 40 ደግሞ በ780,000 ይገኛል። አሁን በየ10 ደቂቃው 50 ነጥብ፣ ማለትም በሰዓት 300 የሚጥል ሰርቨር እንውሰድ። ጀማሪው በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሌቭል 2 ይገባል፤ 19 ላይ ያለው ግን ቀጣዩን ለማየት ከ63 ሰዓት በላይ ማውራት አለበት። እኩል ነጥብ ከታች ላለው ብዙ፣ ከላይ ላለው ምንም ማለት ነው።

ይህን ያየ ሰው ወዲያው ነጥቡን በሌቭል ያባዛዋል፤ ለምሳሌ በየ10 ደቂቃው ሌቭል ሲባዛ በ10። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሌቭል እኩል 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፤ 40ም ሳይቀር። ሰይፍ ከሰገባው ሳያወጣ በዓለም ላይ ኃያል የሆነ ጠንቋይ ታተርፋላችሁ። ሌቭል በዚህ ጌም ውስጥ የታሪኩም አካል መሆኑን አትርሱ፤ ሁሉም 20 የሆነበት መንደር የዘበኛ ጓድ አያስፈልገውም። እኔ የምመርጠው መሐል ላይ ያለውን ቀመር ነው፦ 30 ሲደመር ሌቭል ሲባዛ በ5። ሌቭል 1 ላይ 35፣ ሌቭል 10 ላይ 80፣ ሌቭል 19 ላይ 125 ይሰጣል። የመጀመሪያው ሌቭል 5 ሰዓት የማይሞላ፣ ከ10 ወደ 11 ወደ 21 ሰዓት፣ ከ19 ወደ 20 ደግሞ 25 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል።

ቀመሩን ከመጻፋችሁ በፊት ግን የጭራቅ አደኑ በሰዓት ስንት እንደሚያስገኝ ለኩ። ተጫዋች ሲገባና ሲወጣ ኤክስፒውን ሎግ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ አስመዝግቡ፣ በሌቭል ከፋፍሉት፣ አማካዩን ሳይሆን መሐለኛውን (በቅደም ተከተል ሲደረደር መሐል ላይ የሚውለውን) ውሰዱ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድኑ ሁለት ሰዎች አማካዩን ይሰቅሉታልና። የሮልፕሌዩ የሰዓት ነጥብ ከዚያ ከሩብ እስከ ሲሶ ይሁን። ሌቭል 10 ላይ አደን በሰዓት 1,600 የሚያስገኝ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ቀመር የሚሰጠው 480 ልክ 30 በመቶው ነው። የሞጁሉ (ሰርቨሩ የሚያጫውተው የጌም ዓለም) የኤክስፒ መጠን ማስተካከያ የሚነካው የግድያውን ነጥብ ብቻ እንደሆነ ደግሞ ልብ በሉ፤ በስክሪፕት የሚሰጠው ባለበት ይቆያል። አንዱን ስትቀንሱ ጥምርታው ሳታውቁት ይናጋል።

«ለምን ሲሶ? እኩል አድርጉት እንጂ፤ አለዚያ ሮልፕሌየሩን ሁለተኛ ዜጋ አደረጋችሁት» የሚል አስተያየት ሰጪ አለ። ወንድሜ፣ አደን ወጪ አለው። መድኃኒት ይጠጣል፣ ይሞታል። በጌሙ መደበኛ የሞት ስክሪፕት ዳግም መነሣት 50 ሲባዛ በሌቭል ኤክስፒና የወርቁን 10 በመቶ ያስከፍላል፤ ሌቭል 10 ላይ 500 ኤክስፒ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት በላይ የማውራት ገቢ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይሞትም። በሰዓት እኩል ከከፈላችሁ ወንበሩ ያዋጣል፤ ዋሻው ባዶ ይሆናል። ዋሻው ባዶ ሲሆን መጠጥ ቤቱ የሚያወራው ያጣል፤ ማን ቆሰለ፣ ማን ጥሎት ሸሸ የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚያ ነበር።

ከወዲያ በኩል ያለውም አይሻልም። «ሮልፕሌይ በራሱ ሽልማት ነው፤ ነጥቡን ዜሮ አድርጉት» ይላል። ዜሮም ዋጋ ነው። ቤተ መቅደስ ውስጥ ሰው ሲያጽናና የከረመው ቄስ 3 ላይ፣ ጓደኞቹ 12 ላይ ሲሆኑ፣ ለእነሱ የሚመጥነው ጭራቅ እሱን በአንድ ምት ይጥለዋል። አብሮ መውጣት አይችልም፤ ታሪኩ ያለ እሱ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ስክሪፕቱ። በ2008 በወጣው 1.69 ፓች (የጌሙ ማሻሻያ) የተጨመረው የተጫዋች ቻት ክስተት፣ ማለትም ተጫዋች በጻፈ ቁጥር ስክሪፕት የሚያስነሣው፣ ማን በየትኛው ቻናል እንደጻፈ ይነግራችኋል። የተለመደውን ንግግርና ሹክሹክታን ብቻ ቁጠሩ፤ የፓርቲና የጩኸት ቻናሉን ተዉ። በሁለት እዝባር የሚጀምር ከጌም ውጭ ወሬም፣ በትእዛዝ ምልክት የሚጀምርም አይቆጠር። ሲናገር ሰዓቱን መዝግቡ፤ ስንት ጊዜ እንደተናገረ አትመዝግቡ። ወይ ተናግሯል ወይ አልተናገረም፣ በቃ። መስመር ከቆጠራችሁ በቁልፍ ላይ የተጫነ ማክሮ (በአንድ ንክኪ የሚላክ ዝግጁ ጽሑፍ) ያሸንፋችኋል። ፊደል ከቆጠራችሁ ደግሞ በአጭሩ የሚናገረውን ወታደር፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ አጥሮ የሚጽፈውን ተጫዋችም ትቀጣላችሁ፤ ከመካከላችን ይህን የማያውቀው የለም። ባለፉት 20 ደቂቃዎች አንዴ ከተናገረና በ20 ሜትር ውስጥ ሌላ ሲዲ ቁልፍ (ከተገዛው ጌም ጋር የሚመጣ መለያ ኮድ) ያለው ተጫዋች ካለ ይበቃል። 20 ደቂቃ ያልኩት ለአድማጩ ነው፤ ደጃፍ ላይ ዝም ብሎ የቆመ ዘበኛም እየተጫወተ ነው።

የሞጁሉ ሃርትቢት፣ ማለትም በራሱ የሚደጋገመው ምት፣ በየ6 ሰከንዱ ስለሚመታ 100 ምት 10 ደቂቃ ነው። በየምቱ የሁሉንም ተጫዋች ርቀት አታስሉ፤ ቆጥራችሁ መቶኛው ላይ አስሉ፣ ወይም በ80 እና በ120 መካከል በዕጣ። ነጥቡንም ወዲያው አትስጡ። ዳታቤዝ ውስጥ አጠራቅማችሁ ገጸ ባሕርዩ ሲያርፍ ክፈሉት። «ኤክስፒ አገኘህ» የሚለው መልእክት በንግግር መሐል ካልወጣ፣ ያለቀ ንግግር የሚጎትተው ሰው ይቀንሳል። ጣሪያም ያስፈልጋል፦ በቀን 18 ክፍያ፣ ማለትም የ3 ሰዓት። ጣሪያው በገጸ ባሕርይ ሳይሆን በሲዲ ቁልፍ ይታሰር፤ አለዚያ አምስት ገጸ ባሕርይ እያፈራረቀ 15 ሰዓት የሚያስከፍላችሁ ይመጣል።

ሁለት ስሕተቶች ሁልጊዜ ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው የኢንቲጀር ማካፈል ነው፦ በዚህ ቋንቋ 3 ሲካፈል ለ4 ዜሮ ነው። የነጥቡን ሦስት አራተኛ ልትሰጡ ስትፈልጉ መጀመሪያ በ3 አባዙ፣ ከዚያ ለ4 አካፍሉ፤ መጀመሪያ 3ን ለ4 ካካፈላችሁ ማንም ምንም አያገኝም። ሁለተኛው፣ «ጊቭ ኤክስፒ ቱ ክሪቸር» የሚባለው ተግባር የብዙ ክላስ ቅጣትን፣ ማለትም ከአንድ በላይ ክላስ (ሙያ) ባለው ገጸ ባሕርይ ላይ የሚጣለውን ቅነሳ፣ ይቆጥራል። ክላሶቹ ያልተመጣጠኑለት ተጫዋች 20 በመቶ ተቀንሶበት ከ50 ፈንታ 40 ያገኝና «ዲኤሙ ጠላኝ» ይላል። አበል በሙያ አይቆረጥም፤ ያለውን ኤክስፒ አንብባችሁ፣ ደምራችሁ፣ በ«ሴት ኤክስፒ» መልሱለት።

ታዲያ በእውነት ጎበዝ የሆነው ምን ያግኝ? ያግኝ እንጂ፤ ግን በሌላ መንገድ። ሹሙ ደብዳቤ ይጻፍለት፣ የቤት ቁልፍ ይሰጠው፣ ማዕረግ ይቀበል፣ ያደረገው ነገር በቀጣዩ ሴራ ውስጥ ይምጣ። ዲኤሙ በእጁ ኤክስፒ የሚሰጥ ከሆነ ትዕይንቱ ላይ ለተገኘው ሁሉ እኩል ይስጥ፤ ለምሳሌ ቀጣዩ ሌቭል ከሚፈልገው 2 በመቶ፣ ሌቭል 5 ላይ 100፣ ሌቭል 15 ላይ 300። እያንዳንዱም ሎግ ላይ ይግባ። ጥራትን በነጥብ የሚመዝን ዲኤም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በአድልዎ ይከሰሳል፤ ክሱ ሐሰት ቢሆን እንኳ የሚያስተባብልበት ቁጥር የለውም።

ሰርቨሩ ከተከፈተ በኋላ ጥምርታው ከተዛባ፣ የለመዱትን አበል ከመቁረጥ የአደኑን ነጥብ በ10 በ10 በመቶ ማሳደግ ጩኸት ይቀንሳል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ አራት ሳምንት ጠብቃችሁ ሎጉን እንደገና አንብቡ፤ የመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳየው የሰዉን ጉጉት ብቻ ነው።