ጠርኒብ፦ ድሬ ላይ ዝም ተብሎ የሚጫወቱት ካርታ

ካርታ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ኮንከር ነው። ትስባለህ፣ ትጥላለህ፣ ጆከር ከመጣልህ በሆድህ ትስቃለህ። ጠርኒብ ሌላ ነው። መሳብ የለም፣ ጆከርም የለም። 52ቱም ካርታ ገና ከመጀመሪያው ለ4 ሰው ታድሎ ያልቃል፤ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ለምኖ ሌላ ማግኘት የለም፣ በደረሰህ ትጫወታለህ።

ጨዋታው በሊባኖስ፣ በሶሪያ፣ በዮርዳኖስና በፍልስጤም በሰፊው የታወቀ ነው። እኛ ሰፈር፣ ድሬዳዋ፣ የገባው ግን በአንዲት ጎረቤታችን በኩል ነው። ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ፣ ማዳሟ ጋ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሻይ እያቀረበች ከጀርባ ቆማ ታይ ነበር። ቁጭ አድርጎ ያስተማራት ሰው የለም። ከቆመችበት የ4ቱንም እጅ እያየች ስለለመደች ይመስለኛል፣ ዛሬ 3 ዙር ሳይሞላ ማን ምን እንደያዘ ትነግርሃለች። እኔም የማውቀውን ያወቅሁት ከእሷ ነው፣ ከነስድቡ።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው የምትጫወቱት፤ አጋርህ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። ካርታው ተበውዞ ወደ ቀኝ ይታደላል፣ ጨዋታውም ወደ ቀኝ ይዞራል። ካዳዩ በስተቀኝ ያለው ሰው ጥሪውን ይጀምራል። ጥሪ ማለት ጨረታ ነው፣ ብቻ የምትጫረተው በብር ሳይሆን በዙር ነው። ዙር ማለት አራታችሁም አንድ አንድ ካርታ ስትጥሉ ነው፤ ከፍ ያለውን የጣለ ዙሩን ይበላል። «ሰባት» ካልክ «እኔና አጋሬ ከ13ቱ ዙር ቢያንስ 7 እንበላለን» ማለትህ ነው። ከ7 በታች መጥራት የለም። ቀጣዩ ወይ ከፍ ያደርጋል፣ ወይ «ፓስ» ብሎ ያልፋል። ሁሉም ካለፈ ካርታው ተሰብስቦ እንደገና ይታደላል።

ከፍ ያለውን የጠራ ሰው የሚያገኘው ትልቅ ሥልጣን ነው። ከአራቱ ዓይነት፣ ማለትም ከልብ፣ ከዳይመንድ፣ ከፍላወርና ከስፔድ አንዱን ገዢ አድርጎ ይሾማል። ጠርኒብ የሚባለው ራሱ ይሄ ገዢው ነው፣ ጨዋታው ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። የገዢው 2 የሌላውን ኤስ ይበላል። የመጀመሪያውን ካርታ የሚጥለውም የሾመው ሰው ነው፣ ሌላው በተጣለው ዓይነት የመከተል ግዴታ አለበት። ልብ ከተጣለ ልብ ትጥላለህ። ከሌለህ ብቻ ወይ በገዢ ትቆርጣለህ፣ ወይ የማይረባህን ትወረውራለህ። ልብ እያለህ «የለኝም» ብለህ በገዢ ከቆረጥክ፣ በኋላም ያው ልብ ከእጅህ ብቅ ካለ፣ የዚያን ቀን ወሬ ሆንክ ማለት ነው።

ጨዋታው ራሱ በ10 ደቂቃ ይገባሃል። ጥሪው ግን ወራት ይፈጃል።

አንድ እጅ ላሳይህ። ልብ፦ ኤስ፣ ኪንግ፣ ጃክ፣ 8 እና 4። ስፔድ፦ ኤስ፣ 7 እና 3። ዳይመንድ፦ ኪንግና 6። ፍላወር፦ 9፣ 5 እና 2። ጀማሪ እዚህ ላይ ሁለቱን ኤስና ሁለቱን ኪንግ ቆጥሮ «4 ብቻ» ይልና ያልፋል። ጎረቤታችን ግን ልቡ 5 መሆኑን ነው መጀመሪያ የምታየው። ልብ ገዢ ከሆነ ሌሎቹ ሦስቱ ተጫዋቾች ጋ ያለው 8 ልብ ነው፤ በኤሱና በኪንጉ ሁለቴ ልብ ካስጣልካቸው አብዛኛው ይወጣል፣ ከዚያ ትናንሾቹ 8 እና 4 ራሳቸው ጉልበት ያገኛሉ። ስለዚህ ከልብ ወደ 4 ዙር፣ ከስፔዱ ኤስ 1፣ የዳይመንዱ ኪንግ እንደ ዕድልህ ነው። 5 ተኩል በለው። የቀረው 7 ተኩል ለሦስት ሰው ሲካፈል ለአጋርህ በአማካይ ሁለት ተኩል ይደርሰዋል። ተደምሮ 8። «ስምንት!» ትላለህ፣ ልብህ ግን ይመታል፤ ምክንያቱም አጋርህ ምን እንደያዘ አላየህም።

ነጥቡ ደግሞ ለችኩል ሰው አይራራም። 8 ጠርታችሁ 9 ከበላችሁ 9 ነጥብ ይጻፍላችኋል። 9 ጠርታችሁ 8 ከበላችሁ ግን 9 ይቀነስባችኋል፣ እነሱ ደግሞ በበሉት 5 ዙር 5 ነጥብ ያገኛሉ። በአንዲት ዙር ጉድለት ይሄ ሁሉ! አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ 31 የደረሰ ያሸንፋል። እኛ የምንመዘግበው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል «እኛ»፣ በሌላው «እነሱ»።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። የእንግሊዞቹ ዊስት ጥሪ አልነበረውም፤ መጨረሻ የታደለው ካርታ ተገልጦ ገዢውን ይወስናል። ብሪጅ ጥሪውን አምጥቶ አራቀቀው፣ ዛሬ የሚታወቀው ዓይነቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። የአሜሪካኖቹ ስፔድስ ላይ ደግሞ ገዢው ሁልጊዜ ስፔድ ስለሆነ የሚጠራው የዙር ብዛት ብቻ ነው። ካርታ ራሱ ግን ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከዓረቡ ዓለም ነው። የግብፅ ማምሉኮች ካርታ ላይ የነበሩት ምልክቶች ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ ናቸው። አሁን ቤሩትም ድሬም የያዝነው የልብና የስፔድ ሥዕል የፈረንሳዮች ነው፤ ከዓረብ ሄዶ፣ መልኩን ቀይሮ፣ ተመልሶ ዓረብ ቤት ገባ። ድሬም እ.ኤ.አ. በ1902 የተቆረቆረችው በፈረንሳዮች ባቡር ሰበብ ስለሆነ፣ ካርታው ላይ እንግዳ አንሆንም።

ለድሬ ልጅ የሚከብደው ሕግ ሌላ ነው፦ አጋርህን ማናገር ክልክል ነው። ምን እንደያዝክ መናገር፣ መጥቀስ፣ ጉሮሮ መጠረግ፣ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ መጣል፣ ሁሉም ማጭበርበር ነው። አሁን እስቲ ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ሂድና ዝም ብሎ 10 ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው አምጣልኝ! እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫወት አጋሬ የበላውን ዙር በገዢ ቆረጥኩበትና «አቦ፣ ኤሱ አልወጣም ብዬ እኮ ነው» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ጎረቤታችን ካርታዋን ዘርግታ ተነሳች። ሁለት ጥፋት በአንድ አፍ፤ የአጋርን ዙር መቁረጥም፣ መናገርም።

መናገር የሚቻለው በካርታው ነው። አጋርህ የተጣለው ዓይነት ሳይኖረው ትንሽ ስፔድ ከወረወረ «ስፔድ ላይ ጉልበት የለኝም፣ ሌላ አምጣ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። አጋርህ 8 ጠርቶ ሳለ አንተ ተነስተህ 9 ስትል ደግሞ «ያንተን ገዢ አልፈልግም» እያልከው ነው፣ ስለዚህ በደንብ አስብበት።

ካርታ ሲባል ቁማር የሚመስላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ጠርኒብ ግን ብር አይፈልግም፣ የተሸነፈ ሻይ ይገዛል፣ በቃ። የሚፈልገው 4 ሰውና ጥላ ነው። እኛ የምንቀመጠው ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ከተማውን ሲያስተኛው ነው፤ ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳ ማዞር እንዳትረሳ፣ ካልሆነ የበላኸው ዙር ከነገዢው ግቢ ውስጥ ይበተናል።

አንዳንዱ እስከ 41፣ ሌላው እስከ 61 ይጫወታል፤ ሳይታደል በፊት መስማማት ነው። እኛ ጋ 31 ነው። ለ61 ጊዜ የለንም፤ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል ጎረቤታችን ተነስታ ሱቋን ትከፍታለች።